አሮጌ ሁሉ ነፃ አይደለም



በየራኩባው ጥላ ሥር፣ ስልክ በሚሞላበት ሱቅ ደጃፍ፣ ማታ ማታም በየመጠለያው መካከል አዲስ ድምፅ መሰማት ከጀመረ ሰነበተ። ወጣቶቻችን በስልካቸው ምት ይሠራሉ፤ በምቱም ላይ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በዐረብኛም ራፕ ያሰማሉ። ይህን የምንነቅፍ አይደለንም። የሰፈራችን ደኅና ደኅና ግጥም ዛሬ በዚህም መንገድ እየመጣ መሆኑን በእጅ የምትጻፈው ይህች መጽሔታችን ትመሰክራለች። የምንነቅፈው አንድ አባባል ነው። ከቆየ ዘፈን ቁራጭ ድምፅ ወስደው በምቱ ላይ እየደጋገሙ ያስገባሉ፤ ሳምፕል ይሉታል። ከየት አመጣችሁት ሲባሉ፣ «አሮጌ ነው፤ ነፃ ነው፤ ባለቤት የለውም» የሚል መልስ ይሰጣሉ። ይህ አባባል ከሥሩ ሐሰት ነው፤ በመጨረሻም የሚጎዳው እኛኑ ነው። (ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሐቁን እንይ። በአንድ ዘፈን ውስጥ የሦስት ወገኖች መብት አለ፦ ዜማና ግጥሙን የደረሰው፣ የተጫወተው፣ ድምፁን ያስቀረፀው። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይሰጠዋል፤ ለተጫዋቹና ለአስቀራጩ ደግሞ 50 ዓመት። እንግዲህ አምኀ እሸቴ በ1969 የሸክላ ማተም ሥራ ሲጀምሩ ካወጧቸው ሸክላዎች የአንዱ የቅጂ ዘመን ቢያልፍ እንኳ፣ የደራሲው መብት ገና አላለፈ ይሆናል። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል፤ ዘፈን ግን በስልክ ሲለቀቅ ድንበር አይጠብቅም።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የማንም አይደሉም፤ የሁላችን ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄ በትዝታ ላይ ተነሥቶ ያቀናበረውና ያስቀረፀው «የግሌ ትዝታ» ግን የሙላቱ ሥራ ነው። ናስና ዳሚያን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር» የተባለውን ዘፈናቸውን በዚሁ ሙዚቃ ላይ ሲሠሩ የሙላቱ ስም ከደራሲዎቹ ጋር ተጽፏል። ዓለም ያወቃቸው ሰዎች ስም ጽፈው ከወሰዱ፣ እኛ ስም አጥፍተን የምንወስድበት ምክንያት ምንድን ነው?

«እኛ ስደተኞች ነን፤ ማን ይከሰናል?» የሚሉ አሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው ክርክር ነው። እርግጥ ነው፣ ከገዳሪፍ ሜዳ ድረስ ክስ ይዞ የሚመጣ የለም። ነገር ግን ሕግ የማይደርስብን መሆናችን ነፃነት አይደለም፤ ሕግ የማይደርስልን መሆናችን ነው እንጂ። ስንት ጊዜ እንግዳ መጥቶ ማይክሮፎን ደግኖ የእናቶቻችንን እንጉርጉሮ ቀድቶ ሄደ? ከዚያ ውስጥ ቅጂው የተመለሰልን ስንቱ ነው? የእናቶቻችንስ ስም በየትኛው ተጽፎ አየን? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይላሉ አበው። የሌላውን አጥር ዛሬ እየነቀነቅን ነገ ስለራሳችን አጥር ለመጮኸ ምን አፍ ይኖረናል?

ይህ ነገር በሂፕ ሆፕ አገርም በደል አስከትሏል። በ1969 ዊንስተንስ የተባለው ባንድ «አሜን ብራዘር» በተባለው ሙዚቃው ላይ 6 ሰከንድ ገደማ የሚሆን የከበሮ ምት ብቻውን አሰማ። ያ ቁራጭ በሺህ በሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ገባ። ከበሮውን የመታው ግሪጎሪ ኮልማን ግን ድርሻውን ሳያገኝ በ2006 ሞተ። በ1991 ደግሞ ራፐር ቢዝ ማርኪ ሳይፈቀድለት በወሰደው ቁራጭ ተከሶ ሲረታ፣ የኒው ዮርኩ ዳኛ ፍርዱን የጀመረው ከአሥርቱ ትእዛዛት «አትስረቅ» በሚለው ቃል ነበር።

በሌላ በኩል «ዘፈን መቆራረጥ ውርደት ነው፤ ይቅር» ለሚሉ ታላላቆቻችንም መልስ አለን። አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ የሰማውን ዜማ ወስዶ የራሱን ቃል ሲያለብስበት ኖሯል። መዋስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቅ ነው። ስለዚህ ወጣቱን ከመከልከል ነፃ የሆነውን ጎተራ ማሳየት ይሻላል። ጎተራውም ሦስት ነው።

አንደኛው ዘመኑ ያለፈበት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን አገር ተልከው እዚያ ያስቀረፁት ሸክላ ከአማርኛ ዘፈን ቅጂዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። እሳቸው በ1964 ዐረፉ፤ 50 ዓመቱ በ2014 ሞላ። በአሜሪካም ከ1923 በፊት የታተመ የድምፅ ቅጂ ሁሉ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። ይህ በምክንያት ነፃ የሆነ ነው፤ ምክንያቱንም ቆጥሮ መናገር ይቻላል። ቢሆንም በቅርብ ጊዜ ተጠርቶና ተስተካክሎ የታተመውን ሳይሆን የጥንቱን ሸክላ ድምፅ ፈልጉ።

ሁለተኛው በፈቃድ የተሰጠ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2020 ካወጣው «ሲቲዝን ዲጄ» ከተባለው ስብስብ፣ ለሂፕ ሆፕ ሠሪዎች እንዲሆኑ የተመረጡ ነፃ ድምፆች ይገኛሉ። ክሪዬቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ድምፃቸውን የለቀቁም ብዙ ናቸው። ፈቃዱን ግን አንብቡ፤ አንዱ «ስሜን ጥቀስ» ይላል፣ ሌላው «አትሽጥበት» ይላል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጎተራ እኛው ዘንድ ነው፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይሆንብን። ቡና የሚወቀጥበት ሙቀጫ፣ በላስቲክ ጣራ ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ፣ ባዶ ጀሪካን ሲመታ፣ በሰሊጥ አጨዳ ላይ የሚቀባበሉት ዜማ፣ የእናት እሹሩሩ፤ ይህን ሁሉ የያዘ ሌላ የለም። የራሳችሁን ቅጂ በራሳችሁ ስልክ ቅረጹ። የሰው ድምፅ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እማማ «እሺ» ካሉ ስማቸውን ጻፉ፤ ሥራው ሲያልቅ አሰሟቸው፤ ቅጂውን ስጧቸው፤ ገንዘብ ቢመጣ ድርሻው ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ተነጋገሩ። «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው። ለቅሶ ቤት ስልክ መደገን ከቶ አይገባም።

ወጣቶች ሆይ! የሰው ወርቅ አያደምቅም። ቤታችንን፣ እርሻችንን፣ ከብታችንን ጥለን መጥተናል፤ ድምፃችንን ግን ይዘን ተሻግረናል። ከእንግዲህ አንድ ምት ስትሠሩ ከየት እንደወሰዳችሁ፣ የማን እንደሆነ፣ ስለምን ነፃ እንደሆነ በአንድ መስመር ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ያ መስመር የተጻፈለትን ዘፈን ግጥም ይህች መጽሔት በደስታ ገልብጣ ታወጣለች፤ ያልተጻፈለትን ግን አናወጣም።