እህቴን «አያዋጣሽም» ያልኳት በኤክሴል ነበር

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አንድ እሑድ ታላቅ እህቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ጎራ አለችና ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «ሆስፒታሉን ልተወው ነው፤ ትምህርት ቤት ልገባ ነው» አለችኝ። ዲግሪዋን ከጨረሰች ገና ወራት ስለነበሩ ሌላ ልትጀምር መስሎኝ «አሁንስ አበዛሽው! ደግሞ ምን ልትማሪ?» አልኳት። ሳቀች። «ልማር አላልኩም። የትምህርት ቤት ነርስ ልሆን ነው» አለች።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። እኛ ሰዎች ችግር ሲነገረን መስማቱን ትተን ላፕቶፕ እንከፍታለን። ከፈትኩ። በአንድ በኩል የሆስፒታሉን ደሞዝ፣ የሌሊት ጭማሪውን፣ የቅዳሜና እሑዱን፣ ኦቨርታይሙን ደረደርኩ። በሌላ በኩል የትምህርት ቤቱን። ለእናታችን በየወሩ የምትልከውን፣ የቤቱን ሞርጌጅ፣ የልጆቹን ወጪ አስገባሁ። የመጨረሻዋ መስመር ቀይ ሆነች። ከገቢዋ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩና «አያዋጣሽም» አልኳት።

ቆየት ብላ አየችው። ከዚያ «እንቅልፌን የቱ ጋ ነው የጻፍከው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ያለ ወንድም፣ ባል ወይም ጓደኛ በየከተማው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ነርስ የሌለበት የሐበሻ ቤት ከየት ይገኛል? በገቢያቸው እንኮራለን፣ በየለቅሶው «የእከሌ ልጅ አር.ኤን. ሆነች» እንላለን። ያንን ወረቀት በስንት ሌሊት እንደገዙት ግን አንጠይቅም።

እህቴ አገር ቤት በነርሲንግ ዲፕሎማ ተመርቃ ደሴ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ሠርታለች። ዲቪ ደርሷት ሲያትል ገባች። (ዋሽንግተን ስቴት ማለቴ ነው፤ የዲሲ ሰዎች እንዳትቀየሙ።) የትምህርት ማስረጃዋን የሚመዝነው ድርጅት ትራንስክሪፕቱ በእሷ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ከተማረችበት ኮሌጅ ታሽጎ እንዲመጣለት ፈለገ። አገር ቤት ያለን ዘመድ ሦስት ጊዜ አመላልሳ፣ ሦስት ጊዜ «ኃላፊው የሉም» ተብሎ ሲመለስ ተስፋ ቆረጠችና ከዜሮ ጀመረች። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲ.ኤን.ኤ. ሆና ሰው እያጠበች፣ በኮሙኒቲ ኮሌጅ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ እንደገና ተማረች። አንዴ ያወቀችውን ማለት ነው። ኤል.ፒ.ኤን. ሆነች፣ ከዚያ በሁለት ዓመቱ ዲግሪ የኤንክሌክስ ፈተናን አልፋ አር.ኤን. ሆነች። በዚያው ሰሞን እኔ ኔዘርላንድስ በስኮላርሺፕ ማስተርሴን እየተማርኩ ነበር። የመጀመሪያ የክረምት ጃኬቴን የገዛችልኝ እሷ ናት።

አር.ኤን. ሲገኝ ትምህርት ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት እስከ 2020 ድረስ ከመቶ ሰማንያው ነርስ የባችለር ዲግሪ፣ ማለትም ቢ.ኤስ.ኤን. እንዲኖረው መከረ። ኒውዮርክ በ2017 መጨረሻ አዲስ ነርሶች በአሥር ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀች። ሌላው ስቴት በሕግ ባያስገድድም ብዙ ሆስፒታሎች ሲቀጥሩና ሲያሳድጉ ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ። የእህቴም አለቃ በየግምገማው «ቢ.ኤስ.ኤን.ሽ የት ደረሰ?» ማለት ጀመረች። ፈቃድ ለማሳደስ የሚጠየቀው የተከታታይ ትምህርት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። በእኛ ስቴት በዓመት 8 ሰዓት ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ሁለቱ ሰዓት በጤና ፍትሐዊነት ላይ መሆን አለበት። ወገብ የሚቆርጠው ዲግሪው ነው።

«ኦንላይን ስለሆነ ይቀላል» የሚሉ አሉ። እኔም ብዬ ነበር። እስቲ የአንድ ረቡዕ ቀኗን ልንገራችሁ። ማታ አንድ ሰዓት የገባችበት ፈረቃ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። ለተረኛዋ አስረክባ ቤት ስትደርስ ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ሌላ ስቴት ነው። ልጆቹን አልብሳ፣ አብልታ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትተኛለች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አላርም ይጮሃል፣ ልጅ መቀበል አለባት። ከእራት በኋላ የክፍሉ ውይይት ላይ ጽፋ፣ ለሁለት ተማሪዎች መልስ ሰጥታ እስከ እኩለ ሌሊት ማስገባት አለባት። ደግሞ ጽሑፉ ኤ.ፒ.ኤ. በሚሉት የአጻጻፍ ሥርዓት ካልተደረደረ ነጥብ ይቀነሳል። አሥር ዓመት የሰው ደም ሥር በጨለማ ያገኘች ሴት፣ ኮማ ያለቦታዋ ስለገባች ማርክ ተቆረጠባት።

«እስቲ አንዴ እይልኝ» ብላ ወረቀቷን ትልክልኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን እመልስላታለሁ፣ አንዳንዴም ጭራሽ እረሳዋለሁ። አንድ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ቀይ መብራት ላይ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። የቀሰቀሳት ከኋላዋ የነበረው መኪና ክላክስ ነው። እግሯ ፍሬኑ ላይ ስለነበር ብቻ ተረፈች። ይህን የነገረችኝ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያውም እየሳቀች።

እኔ ስማር ሥራዬ መማር ብቻ ነበር። አሁን እንኳ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣ መሥሪያ ቤቴ ኮርሱን ይከፍላል፣ አርብ ከሰዓት በኋላ «የመማሪያ ጊዜ» ብሎ ካላንደሬ ላይ ያስቀምጣል። ባልማረው የሚሞት ሰው የለም። የነርስ መማር ለታማሚው ሕይወት ነው እየተባለ፣ ጊዜውን ግን ከራሷ እንቅልፍ እንድትቆርጥ ይጠበቅባታል። ይሄ ለእኔ ትክክል አይደለም። ዲግሪው ራሱ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እህቴ «ጊዜ ማባከኛ» ካለቻቸው ኮርሶች መሃል የሕዝብ ጤና ኮርሱን ታወጣለች። «እሱ ባይኖር ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አይታየኝም ነበር» ትላለች።

እውነትም በእኛ ስቴት የትምህርት ቤት ነርስ ለመሆን የነርስነት ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የነርሲንግ ባችለርና ኢ.ኤስ.ኤ. የሚባል፣ ከመምህራን ፈቃድ ጋር የሚቀራረብ ሰርተፊኬት ይጠየቃል። የጣት አሻራ፣ ማመልከቻ፣ ክፍያ። ያ በሌሊት የተገዛ ወረቀት በሩን ከፈተ ማለት ነው።

እሷ መወሰኗን ስትናገር ግን ያገሩ ሰው ሁሉ ሳቀባት። «ፕላስተር ልትለጥፊ?» «ያን ሁሉ የተማርሽው ለልጅ አፍንጫ ነው?» አንዷ ጓደኛዋ «በጊዜ ጡረታ ወጣሽ» አለቻት። እኔ ደግሞ ኤክሴሌን ይዤ ነበር።

የመጀመሪያው ወር ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተሰጧት። ሰኞና ረቡዕ አንዱ፣ የቀረው ቀን ሌላው ጋ። በሌለችበት ቀን ለአስም ልጅ መተንፈሻውን የሚሰጠው የቢሮ ጸሐፊው ነው። ያንን ሰው ያሠለጠነችው፣ ውክልናውን የሰጠችው እሷ ስለሆነች የሚጠየቀው የእሷ ፈቃድ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግራ ሲገባት የምትጠራው ሐኪም፣ የምታማክራት ከፍተኛ ነርስ፣ የሚጮህ ሞኒተር ነበር። እዚህ ግን በሕንጻው ውስጥ ያለችው የጤና ባለሙያ እሷ ብቻ ናት። ዓይኗና ጆሮዋ፣ አንድ ስቴትስኮፕ፣ አንድ አልጋ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለባት፣ ኢንሱሊን የሚወጋ የሰባት ዓመት ልጅ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሙሉ ጊዜ የሚሠራ አንድ አር.ኤን. እንዲኖር መክሯል። ምክር ግን ደሞዝ አይከፍልም።

ሥራው ሲጀመርም ለፕላስተር አልነበረም። ኒውዮርክ ውስጥ በ1902 ልጆች በዓይንና በቆዳ በሽታ ከክፍል እየተባረሩ የሚያክማቸው ጠፍቶ መንገድ ላይ ይውሉ ነበር። ሊሊያን ዋልድ ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ ለሙከራ ወደ አራት ትምህርት ቤቶች ላከች። ሮጀርስ ልጆቹን እዚያው እያከመች፣ ቤታቸው ድረስ ሄዳ እናቶችን እያስተማረች ወደ ክፍል መለሰቻቸው። ቀሪው ቁጥር በጣም ስለቀነሰ ከተማው ራሱ ተጨማሪ ነርሶች ቀጠረ። አብዛኞቹ ልጆች የስደተኛ ልጆች ነበሩ። ይሄ ነገር የሆነ ቦታ የሰማሁት መሰለኝ።

ሲያትልና አካባቢዋ አማርኛ በትምህርት ቤቶች ከሚነገሩ ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። በመስከረም እህቴ ቢሮ አንዲት እናት የልጇን የክትባት ካርድ ይዛ መጣች። ከአገር ቤት ከገቡ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ጸሐፊው ካርዱን አይቶ «ይሄ ስህተት ነው፣ ልጁ ሳይወለድ ነው የተከተበው» ብሎ መልሷቸዋል። ልጁ በፈረንጅ 2017 ነው የተወለደው። ካርዱ ደግሞ 2009 ይላል። ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እሱ ምን ያድርግ? እናትየዋ ልጁ ሁሉንም ክትባት እንደገና ሊወጋ ነው ብላ ስታለቅስ እህቴ ደረሰች። ቀኖቹን ለውጣ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም።

ሌላም አለ። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ሕመም ያለበት ልጅ የሐኪም ትእዛዝና መድኃኒቱ ሳይቀርብ፣ የነርስ እንክብካቤ ዕቅድ ሳይዘጋጅ ትምህርት መጀመር አይችልም። ብዙ ወላጆቻችን ይህን የሚሰሙት የትምህርት መክፈቻ ቀን በር ላይ ነው። ልጁ ቦርሳውን ተሸክሞ ይመለሳል። «ጠሉን» ብለው የሚያስቡ አሉ። እህቴ አሁን ከነሐሴ መጀመሪያ አንስታ ራሷ በአማርኛ ትደውላለች።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ኢንሱሊን የሚወጋው ልጅ ደም ስኳሩ ወርዶ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ቁርስ አልበላም። «ጾም ነው» አላት በቀስታ፣ በእንግሊዝኛ ለማንም ያልተናገረውን። ጭማቂ ሰጥታ፣ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ስኳሩ ከተመለሰ በኋላ እናቱ ጋ ደወለች። አልተቆጣቻትም። «የንስሐ አባታችሁን አማክሪያቸው፣ የሕመምተኛ ጾም እንዴት እንደሆነ እሳቸው ይነግሩሻል» አለቻት። ልጁ ከዚያ ወዲህ በልቶ ይመጣል። ሌላ ጎበዝ ነርስም ጭማቂውን ትሰጠው ነበር። ጾሙን ግን አይነግራትም ነበር።

ታዲያ ነርስ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት ይሂድ እያልኩ አይደለም። ደሞዙ እውነትም ይቀንሳል፤ የሠራሁት ሒሳብ ስህተት አልነበረበትም፣ የጎደለው ነበር እንጂ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደስ ብሏቸው የሚኖሩ አውቃለሁ። እህቴም ሆስፒታሉን ጨርሳ አልተወችም፤ በወር ሁለት ቀን በጥሪ ትሠራለች፣ እጇም ገቢዋም እንዳይደርቅ። የምታስቡበት ካላችሁ ብዙ ዲስትሪክቶች ተተኪ ነርስ ይፈልጋሉና መጀመሪያ በዚያ ሞክሩት። ፊርማ ከማስቀመጣችሁ በፊት ስንት ሕንጻ እንደሚሰጣችሁ፣ ማን እንደሚተካችሁ፣ የክረምቱ ደሞዝ እንዴት እንደሚከፈል ጠይቁ።

ባችለሩን ገና የምትጀምሩ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት የሰው ኃይል ክፍልን አነጋግሩ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነጻ መክፈል ይችላል። እህቴ መሥሪያ ቤቷ ይህን እንደሚሰጥ የሰማችው ሁለት ሴሚስተር በክሬዲት ካርድ ከከፈለች በኋላ ነው። በገንዘቡ ምትክ የተወሰነ ዓመት አገልግሉ የሚል ውል ሊኖር ስለሚችል ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡት።

ለቀረነው ደግሞ። እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በሥራ ቀን ባዶ የሚውል አዳራሽ አለን። ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳንና ምግብ እናደርሳለን። ለምትማር እናት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቿን መያዝ ለምን ያቅተናል? ባሎች፣ ሚስታችሁ ከሌሊት ሥራ ስትገባ ስልኳን ተቀበሏትና በሩን ዝጉላት። ወንድሞች፣ ወረቀት ሲላክላችሁ በዚያው ማታ አንብቡት። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ የእህቴን ልጆች ከትምህርት ቤት የምቀበለው እኔ ነኝ። ካላንደሬ ላይ ስብሰባ ብዬ ነው የያዝኩት።

በሌላ ስቴት ያላችሁ የትምህርት ቤት ነርሶች ካላችሁ ብትጽፉልን ጥሩ ነው፤ ደንቡ እንደየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ የራሱ የትምህርት ቤት ነርስ ፈቃድ አለው፣ የመጀመሪያው ለአምስት ዓመት ብቻ የሚያገለግል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚያስጨርስ። ፔንሲልቬንያ ለአንድ ነርስ ከ1,500 ተማሪ በላይ እንዳይመደብ በሕግ ወስኗል። ሚኒሶታ፣ ዳላስ፣ ሜሪላንድ ያላችሁስ? ስንት ሕንጻ ነው የሰጧችሁ?