ሁሉን መዘርገፍ ሰነድ አይደለም

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት አንድን የሶፍትዌር መሣሪያ ሲጠቀም የሚመራው በፊቱ በቀረበለት ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ ያጣውን ቀድሞ በሠለጠነበት ጽሑፍ ይሞላል። ሰው ፕሮግራመር ግራ ሲገባው ባልደረባውን ይጠይቃል ወይም ሥራውን ያቆያል። ኤጀንት ግን አብዛኛውን ጊዜ ገምቶ ይቀጥላል። ስለዚህ ለኤጀንት የሚጻፍ ሰነድ ዋና ተግባር የተሳሳተውን ግምት አስቀድሞ መዝጋት ነው። በብዙ ቡድኖች የሰፈነው አሠራር ይህን ይዘነጋል፤ ያለውን መመሪያ ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ዘርግፎ ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው ሞዴል የሚበጀውን ራሱ ይለያል ብሎ ይተወዋል።

ለዚህ አሠራር ሽፋን የሆነው ኤልኤልኤምስ ዶት ቲኤክስቲ የተባለው ፋይል ነው። ጄረሚ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሐሳቡን ሲያቀርብ የታሰበው ዋና ዋናዎቹን ገጾች የሚጠቁም አጭር ማውጫ ነበር። ብዙዎች ግን ማውጫውን ትተው የመመሪያቸውን ሙሉ ቃል ማፍሰሻ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት የጊዜው ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መካከል ያለውን መረጃ ዳር ላይ ካለው ይልቅ እንደሚስቱ አሳይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞዴሎች ተሻሽለዋል፤ ሆኖም ችግሩ የማስታወስ ብቻ አይደለም። በተዘረገፈው ፋይል ውስጥ የዛሬው ትእዛዝና የተሻረው ትእዛዝ፣ የጀማሪ ምሳሌና የማስታወቂያ ቃል እኩል ክብደት ይዘው ጎን ለጎን ይቆማሉ። የትኛው እንደሚጸና የሚናገር መስመር ከሌለ የማንም ሞዴል ብልኀት አይበቃም።

የፓይተን ላይብረሪ የሆነው ፓይዳንቲክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ቨርዥን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ሲወጣ የብዙ ትእዛዞች ስም ተለወጠ፤ ሞዴሎች የሠለጠኑበት ኮድ ግን በአሮጌዎቹ ስሞች የተሞላ ነበር። እዚህ ላይ የአዲሱን ቨርዥን ውበት የሚያትት መቶ ገጽ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው አሮጌውን ስም ጠርቶ «ይህ ቀርቷል፣ በምትኩ ይህን ተጠቀም» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ፓይዳንቲክ ይህን በስሕተት መልእክቱ ውስጥ አድርጎታል፦ ቤዝ ሴቲንግስ የተባለውን ክፍል ከቀድሞ ቦታው የሚጠራ ኮድ ሲገጥመው ክፍሉ ፓይዳንቲክ ሴቲንግስ ወደተባለ ሌላ ጥቅል እንደተዛወረ በግልጽ ይናገራል። ኤጀንቱ መልእክቱን በሚፈልግበት ቅጽበት ያነበዋል፣ ያርማል፣ ይቀጥላል። የስሕተት መልእክትን ከሰነድ የማይቆጥር ቡድን ከሁሉ በላይ የሚነበበውን ገጹን ባዶ ትቶታል።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ሆኖ የማይታይ ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የሚሠራ የሒሳብ ወይም የመዝገብ ሶፍትዌር ይታሰብ። ሰነዱ «ቀን፦ ዓመት፣ ወር፣ ዕለት» ብቻ የሚል ከሆነ ኤጀንቱ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.ን ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ለውጦ 2024-09-15 ብሎ ሊልክ ይችላል። መሣሪያው ግን ይህን ግንቦት 15 ቀን 2024 ዓ.ም. ብሎ ይመዘግባል። ቁጥሩ ትክክለኛ ቅርጽ ስላለው ማንም አይጮኽም፤ ክፍያው ወይም ቀጠሮው ከሰባት ዓመት በላይ ወደፊት ይገፋል። የቀን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን አቆጣጠሩ የትኛው እንደሆነ፣ ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና እንደምትገባ በአንድ መስመር መጻፍ ይህን ሁሉ ይከለክላል። ያንን መስመር የሚጽፈው የመሣሪያውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከኮዱ ላይ ሰነድ በራሱ እንዲያመነጭ የታዘዘ ሞዴል በኮዱ ያልተገለጸውን ሐሳብ ከየትም አያመጣውም፤ የተግባሩን ስም በረዘመ ቃል ደግሞ ያቀርባል እንጂ።

ጉድለትን በግልጽ መጻፍም አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል በየትእዛዙ ገጽ ላይ የታወቁ ጉድለቶች የሚጻፉበት ክፍል ነበረው። ይህ ሐቀኝነት ከዛሬ የምርት መመሪያዎች እየጠፋ ነው፤ ኤጀንት ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መሣሪያው የማይችለው ምንድን ነው? የትኛው ትእዛዝ ዳታ ያጠፋል? የትኛውስ ሁለት ጊዜ ቢላክ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል? አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ባወጣው፣ ኤጀንቶችን ከመሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው ኤምሲፒ በተባለው ሥርዓት እንኳ ኤጀንቱ መሣሪያ የሚመርጠው በስሙ፣ በአጭር መግለጫውና በሚቀበላቸው ግብዓቶች ነው። አደጋው እዚያ መግለጫ ላይ ካልተጻፈ ሌላ ገጽ ላይ መጻፉ ብዙ አይጠቅምም።

የሰነዱ መመዘኛም ርዝመቱ ሊሆን አይገባም። መሣሪያውን ከዚህ በፊት ላላየ ኤጀንት ሰነዱን ብቻ ሰጥቶ እውነተኛ ሥራ ማሠራት፣ የተሳሳተበትን መስመር ፈልጎ ማረም፣ እንደገና ማሠራት ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ መሣሪያዬ ለኤጀንት ዝግጁ ነው የሚል ቡድን የራሱን ሥራ በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ጥሏል።