ጃፓን ለትንሽ ጠማቂ በር ከፈተች፤ እኛስ ለጠላ ጠማቂ እናቶች?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ቢራ ልጽፍ ነው። «መምህሩን ምን ነካው?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱ።

ውጭ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሰሞኑን የሚለጥፉት ፎቶ ላይ የጃፓን ክራፍት ቢራ እየበዛ ነው። በተለይ ጉጉት የተሳለባት ጠርሙስ አትጠፋም። ጃፓንን በቶዮታ እንጂ በቢራ ለማናውቃት ሰዎች ነገሩ ይገርማል። እኔን ግን የገረመኝ ቢራው ሳይሆን የመጣበት መንገድ ነው።

እስከ እ.ኤ.አ. 1994 ድረስ ጃፓን ውስጥ የቢራ ፈቃድ ለማግኘት በዓመት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ሊትር መጥመቅ ግዴታ ነበር። ይሄን የሚችሉት እነ አሳሂ፣ ኪሪን፣ ሳፖሮና ሰንቶሪ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ መነሻውን ወደ 60 ሺህ ሊትር አወረደው። አስቡት፣ በቀን 164 ሊትር ገደማ ማለት ነው! ቅመምና ፍራፍሬ በብዛት ለሚጨምሩት ወይም ብቅል ለሚያሳንሱት ደግሞ «ሀፖሹ» የሚባል ሌላ ምድብ አላቸው፤ የሱ መነሻ በዓመት 6 ሺህ ሊትር ብቻ ነው። በቀን 16 ሊትር!

በሩ ሲከፈት ማን ገባ? ባለ ጉጉቷን ቢራ የሚሠራው የኪዩቺ ቤተሰብ ከእ.ኤ.አ. 1823 ጀምሮ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ሲጠምቅ የኖረ ነው። ቢራ የጀመረው በ1996 ነው። የአውሮፓን ቢራ እንዳለ አልገለበጠም። በቀይ ሩዝ ሠራ፣ ሳኬ በሚቀመጥበት የዝግባ በርሜል ውስጥ ቢራ አስቀምጦ የእንጨቱን መዓዛ አስገባበት። ዓለም የወደደለት እዚያው ሰፈሩ የነበረውን ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም አልተሳካላቸውም። ፈቃድ ስላገኙ ብቻ የጀመሩ ብዙ ነበሩ፤ ዋጋው ውድ፣ ጥራቱ ደካማ ሆነና ገበያው ቀዘቀዘ። እንደገና ያንሰራራው ጥራታቸውን ያስተካከሉት ሲጸኑ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ማታ ስታዲየም ዙሪያ ወጣ ብትሉ ድራፍቱ ይቀዳል፣ ጥብሱ ይጠበሳል። የጃንጥላው ስም ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ግን ጥቂት። ጊዮርጊስ ቢራ ከእዚህ ብዙም ሳይርቅ ሜክሲኮ አካባቢ የተጠመቀ፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ያለ ስም ነው፤ ዛሬ በፈረንሳዩ ካስቴል ሥር ባለው ቢጂአይ እጅ ነው። ሐረርና በደሌን ሄኒከን በእ.ኤ.አ. 2011 ገዛቸው። ሜታን መጀመሪያ ዲያጆ ገዛው፣ በኋላ እሱም ወደ ቢጂአይ ሄደ። የውጭ ባለሀብት መምጣቱን እየተቃወምኩ አይደለም፤ ፋብሪካው ሥራ ፈጥሯል፣ የገብስ ገበሬውም ገበያ አግኝቷል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ከፋብሪካውና ከጓሮው ጋን መካከል ለምን ምንም መሰላል የለም?

ጠላ እኮ ክራፍት ቢራ ነው! ክፍል ውስጥ ስለ ፈርመንቴሽን ሳስተምር ምሳሌዬ ሁልጊዜ ጠላ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ እንኩሮው ይታመሳል፣ ከዚያ ድፍድፉ ይመጣል። ሌላው ዓለም ሆፕ የሚጨምርበትን ቦታ እኛ ጌሾ ይዘነዋል። ጃፓኑ በዝግባ በርሜል ሲያደርገው «ጥበብ» የተባለውን፣ እናቶቻችን በወይራ ጭስ ሲያደርጉት «ምን ታድርግ፣ ኑሮ ነው» እንላለን።

ደግሞ ይሄ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል ደብተርና ዩኒፎርማቸው ከጠላ የወጣ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቻችሁ ይሄን እያነበባችሁ ነው፣ ታውቁታላችሁ። እናት ሌሊት ተነስታ ስታምስ አድራ፣ በር ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ደፍታበት፣ በዚያች ጣሳ ኢንጂነርና ነርስ አስመርቃለች።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ስለ ሕንፃውና ስለ መንገዱ ብዙ ተባለ። ስለ ጠላ ቤቶቹ ግን ብዙ የተናገረ አልሰማሁም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን አይታጠንም፣ እንኩሮ በእንጨት አይታመስም፣ በር ላይ ጣሳ አይሰቀልም። ደንበኛውም ተበትኗል። ሴትየዋ ቤት ተሰጣት እንበል፤ ሙያዋን ግን የት ታስቀምጠው?

«መምህር ሆነህ መጠጥ ታበረታታለህ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። በአዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ተከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጥቷል። ሁለቱንም እደግፋለሁ። መጠጥ ያበላሸውን ቤት፣ ያደናቀፈውን ተማሪ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ጠላ ፈቃድ ስለሌለው አልቀረም፤ ይጠጣል። ውሃው ከየት እንደመጣ፣ የአልኮል መጠኑ ስንት እንደሆነ ግን ማንም አይለካም፤ ከቤት ቤት ይለያያል። ጤና የሚያሳስበን ከሆነ የሚለካው መጠጥ ካልተለካው ይሻላል። ዕድሜ ጠይቆ የሚሸጥ ቤትም የሚኖረው የሚቀማ ፈቃድ ሲኖረው ነው።

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ለጠላ የራሱ የፈቃድ ምድብ ይሰጠው፣ መነሻውም አምስት ስድስት ሴቶች ተደራጅተው የሚደርሱበት መጠን ይሁን። ሁለተኛ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ሼድ እንደሚሰጠው ሁሉ ንጹህ ውሃና ጭስ ማውጫ ያለው የጋራ መጥመቂያ ይሠራላቸው፤ በተለይ ከመሀል ከተማ ለተነሱት። ሦስተኛ፣ ምርመራው ለመቅጣት ብቻ ሳይሆን ለማስተማር ይምጣ፤ ጃፓኖቹን ያዳናቸው ጥራት ነውና።

ልጆቻችን ነገ ቶኪዮ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጠው የሰው አገር የእጅ ሥራ በውድ ዋጋ ሲገዙ ምንም ክፋት የለውም። የሚያሳዝነው የኛው ሙያ ከባለሙያዎቹ ጋር አብሮ ሲቀበር ነው። እነዚህ እናቶች እያረጁ ነው፤ ሴት ልጆቻቸው ደግሞ ክብርም ገቢም የሌለውን ሥራ አይረከቡም፣ አልፈርድባቸውም።

በጠላ ያደጋችሁ እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉ። የእናቶቻችሁን ሰፈርና ሙያቸውን ንገሩን። ማፈር የለም፣ ያስመረቀ ሥራ ነው።