የዘጊ አነዳ መርዝ ከወዴት እንደሚመጣ

ዘጊ አነዳ፥ ሐኪሞች ዲፍቴሪያ የሚሉት በሽታ፥ የሕፃኑን ጕሮሮ ግራጫ ሽፋን አልብሶ ትንፋሹን የሚዘጋ መሆኑን የዚህ ገጽ አንባቢዎች ሳይሰሙ አይቀሩም። ልብንና ነርቭን የሚጐዳው ግን ሽፋኑ ሳይሆን በደም የሚዘዋወረው መርዝ ነው። ይህንንም መርዝ የበሽታው ባክቴሪያ ከገዛ ባሕርዩ የሚያወጣው ይመስል ነበር። በ1951 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በአሜሪካ አገር ቪክቶር ፍሪማን የተባለ ሊቅ መርዝ የሌላቸውን የዘጊ አነዳ ባክቴሪያዎች ከአንድ ቫይረስ ጋራ ቢያገናኛቸው፥ ከሞት የተረፉት መርዘኞች ሆነው ተገኙ።

ባክቴሪያን የሚወር ቫይረስ ባክቴርዮፋጅ ይባላል። ከነዚሁም ብዙዎቹ ከገቡ በኋላ ሁለት መንገድ አላቸው። በአንደኛው ቫይረሱ የባክቴሪያውን ሥራ ሁሉ ለራሱ አዙሮ ዘሩን ያበዛል፤ ቤቱንም አፍርሶ ይወጣል። በሁለተኛው ግን የራሱን ጂኖች፥ ይኸውም ከወላጅ ለልጅ የሚወርዱትን የባሕርይ ትእዛዞች፥ ከባክቴሪያው ጋራ አጣብቆ በዝምታ ይተኛል፤ ባክቴሪያው በተከፈለ ቍጥርም አብሮ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

መንገዱን የሚወስንለት ማን ነው? ይህ ከሁሉ ይልቅ ጠልቆ የተመረመረው ወይዘሮ ኤስተር ሌደርበርግ ባገኙት፥ ላምዳ በተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ቫይረስ ነው። ከላምዳ ጂኖች አንዱ እንደ ዘበኛ የሚያገለግል ፕሮቲን ያሠራል፤ ዘበኛው የሌሎቹን ጂኖች በር ይዞ እስከ ቆመ ድረስ ቫይረሱ አይነቃም። ማርክ ታሽኒ ይህን ፕሮቲን በ1967 ለይቶ አወጣው። ዘበኛውን የሚፎካከር ክሮ የሚባል ሌላ ፕሮቲንም አለ፤ እርሱ ካየለ ባክቴሪያው ይፈርሳል። ባክቴሪያው ምግብ ያጣ እንደ ሆነ፥ ወይም ብዙ ቫይረሶች ባንድነት የወረሩት እንደ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛው ያሸንፋል። አእምሮ ለሌለው ፍጥረት ይህ እንዴት ያለ ብልኀት ነው! በደኸየ ቤት ልጅ ማብዛት አይጠቅመውምና። ብርቱ ጨረር የባክቴሪያውን የዘር ሐረግ በጐዳው ጊዜ ግን ዘበኛው ይቈረጣል፤ ተኝቶ የነበረው ላምዳም ነቅቶ በአንድ ሰዓት ያህል ውስጥ መቶ ያህል ሆኖ ይወጣል።

የዘጊ አነዳው ቫይረስም እንዲሁ ይተኛል፤ ተኝቶም ሳለ የመርዙን ጂን ለባለ ቤቱ ያበድራል። እኛን ይልቁን ያስደነቀን ጂኑ የቫይረሱ ሆኖ ሳለ ቍልፉ በባክቴሪያው እጅ መሆኑ ነው። ባክቴሪያው በዙሪያው ብረት ሲያጥረው መርዙን ይሠራል፤ ብረት ሲበዛለት ይተወዋል።

ክትባቱም የሚዘጋጀው ከዚሁ መርዝ ነው፤ ጋስቶን ራሞን የተባለ ፈረንሳዊ በ1923 መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አብርዶ ጕዳት የሌለው ክትባት አደረገው። ስለዚህም የተከተበ ሰው ከመርዙ ይጠበቃል እንጂ ባክቴሪያው በጕሮሮው ከማደር ሁልጊዜ አይከለከልም። በቤቱ ያልተከተበ ሕፃን ቢኖር፥ ምንም ሕመም ከማይታይበት ዘመድ ወይም ሞግዚት በሽታው ሊጋባበት ይችላል። በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት በተወለዱ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ አንዱ ቀን ያለፈበትም ሕፃን ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ የቀረውን ሊቀበል ይገባዋል።