ቁጣ ከላይ ሲወርድ

አንባቢ ሆይ፤ በቀደም ዕለት በመቀሌ ከሮማናት አደባባይ አጠገብ አንድ ፖሊስ የባጃጅ ነጂ ሲያስቆም አየሁ። ነጂው ልጅ እግር ነውና ጮኸበት። የፖሊሱ ግንባር ተቋጠረ፥ እጁም ተነሣ። ወዲያው ግን ተንፈስ አለና «ሓወይ፥ መንጃ ፈቃድህን» አለው። ነገሩ በዚሁ በረደ።

ፒተር ሳሎቬይና ጆን ማየር የተባሉ የአሜሪካ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ችሎታ «የስሜት ብልህነት» ብለው ጽፈውበታል። የራስን ስሜት ማወቅና መግዛት፥ የሌላውንም መረዳት ማለት ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ለፖሊስ አዛዦች ይሰጣል፤ ከአዛዡ መጀመሩም ደግ ነው። ጠዋት በሰልፍ ላይ በጓደኞቹ ፊት የተሰደበ ፖሊስ ስድቡን ተሸክሞ ይወጣል፤ የሚያራግፈውም በጉሊት ሻጯ ላይ ነው። እኔ ራሴ አለቃዬ የተቆጣኝ ዕለት አንድ ተማሪ ያለ ጥፋቱ ከክፍል አስወጥቼ እስካሁን አፍራለሁ። እኔ ግን የማሰር ሥልጣን የለኝም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። እነዚያን ሰዓታት የሚያሳልፈው ከዳኛ ጋር ሳይሆን ከፖሊስ ጋር ነው። በመቀሌማ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከነበረው ጦርነት በኋላ ሐዘን ያልገባበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ የአሳሪውም የታሳሪውም ቤት እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ለአዛዦች ኮርስ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቢሰሙኝ፥ ከንግግሩ ቀንሰው ልምምዱን ያብዙት፤ አዛዡ ያጠፋውን ፖሊስ ቢሮ አስገብቶ ለብቻው መገሠጽን፥ ከከባድ አደጋ ቦታ የተመለሰውንም ወደ ሌላ ሥራ ከመላኩ በፊት «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን እስኪጨርስ መስማትን ይለማመድ።