የቪዲዮ ካሜራ ለመግዛት ለሚያስብ ቤተሰብ

ለክርስትና፣ ለተክሊልና ለጥምቀት በዓል መታሰቢያ ይሆን ዘንድ የቪዲዮ ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ ብዙ ነው። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ የአያት ምርቃት ከነድምፅዋና ከነመልኳ ተቀርጾ ለልጅ ልጅ ቢተላለፍ ታላቅ ቅርስ ነውና። ዳሩ ግን ግንብ ሊሠራ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ሊያሰላ እንደሚገባው ወንጌል ያስተምረናል፤ ዕቃ የሚገዛም ሰው ጥቅሙን ከጕድለቱ ጋራ ሊመዝን ይገባዋል። ይልቁንም በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ ለሚኖር ሰው ምክሩ እጥፍ ነው፤ በደጋ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ በቆላ እንደዚያው አይሠራምና።

አስቀድሞ ስለ ሙቀት እንናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖራት፣ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። የብዙዎቹን ካሜራዎች የአጠቃቀም መጽሐፍ ብትመለከቱ መሣሪያው ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት እንዲሠራ ተወስኖ ታገኛላችሁ። በሰመራ ግን በሰኔ ወር ሙቀቱ በጥላ ሥር እንኳ ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ ካሜራውን በቆመ መኪና ውስጥ መተው፣ ወይም ባትሪውን ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ መሙላት ዕድሜውን ማሳጠር ነው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በጥላ ማኖርና ባትሪውን በሌሊት መሙላት ይሻላል። አቧራውም ሌላ ጠላት ነው፤ መስተዋቱን በነጠላ ጫፍ የሚጠርግ ሰው በአሸዋ እንደሚፍቀው ይወቅ። አስቀድሞ አቧራውን በአየር መንፊያ ማራገፍ፣ ከዚያም በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ሁለተኛው የካሴት ነገር ነው። ለቤተሰብ የተሠራው የመጀመሪያው ባለካሴት ካሜራ፣ የሶኒ ኩባንያ ቤታሞቪ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ወጣ። ዛሬ ግን ምስል የሚቀረጸው በሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ባለካሴቱ በርካሽ ቢቀርብላችሁ አትቸኵሉ፤ ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። ማጫወቻው ሲጠፋ ካሴቱ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ይሆናል። በቤቱ የድሮ የሠርግ ካሴት ያለውም ሰው ማጫወቻ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ያስገልብጥ።

በካርድ የሚቀርጸውም የራሱ ጣጣ አለው። በሰከንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ለአንድ ሰዓት 11 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል፤ ፎር ኬ የሚባለው ጥራት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ ግን 45 ጊጋባይት ይፈጃል። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ በመጀመሪያው ከ5 ሰዓት በላይ ሲይዝ፣ በሁለተኛው አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ተክሊልና ቅዳሴ ግን ከዚህ ይረዝማሉ። እንግዲህ ከፍተኛው ጥራት ለሁሉ ቤት አስፈላጊ አይደለም።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዲጂታል ማቅረቢያ ቍጥርም አያታልላችሁ፤ እርሱ ምስሉን እየለጠጠ ያደበዝዘዋል። መጠየቅ የሚገባው በመስተዋቱ የሚያቀርበው፣ ኦፕቲካል ዙም የሚባለው ነው። ካሜራውን ከእጅ ስልክ የሚያስበልጠውም ይኸው፣ የሚቀያየር ባትሪና የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ መኖሩ ነው። ነገር ግን የብዙዎቹ የቤተሰብ ካሜራዎች የብርሃን መቀበያ ትንሽ ስለሆነ፣ በከተራ ሌሊትና በጧፍ ብርሃን ምስላቸው ይሻክራል። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣውም ለዚያ አገር 60 ኸርዝ መብራት ስለ ተስተካከለ፣ በእኛ 50 ኸርዝ መብራት ሥር ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል፤ የመዝጊያው ፍጥነት ወደ 1/50 ሰከንድ ሲለወጥ ግን ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። የባትሪ መሙያው እስከ 240 ቮልት መቀበሉንም ጽሑፉን አንብቡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጕድለት ግን በመሣሪያው ሳይሆን በያዡ ላይ ነው። ልጁ ሲጠመቅ አባት በመስተዋት ጥግ ቆሞ ባትሪ የሚቈጥር ከሆነ፣ በዓሉን አየ እንጂ አልተካፈለም። ስለዚህ ቀራጩ ወላጅ ወይም የክርስትና አባት አይሁን፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ ካሜራ አይከፈት፤ የካሜራውም መብራት በጸሎተኛው ፊት አይብራ። ዕራቍቱን የተጠመቀ ሕፃን ምስል ለማንም አይላክ። የአፋር ጎረቤቶቻችን፣ ይልቁንም እናቶችና እኅቶች፣ ሳይጠየቁ አይነሡ፤ ጉርብትና ከምስል ይበልጣልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ደሞዙ ለልጆቹ ደብተርና ለቤት ኪራይ ብቻ የሚበቃ ሰው ለሦስት ቀን በዓል ብሎ አይበደር፤ በእጁ ያለው ስልክ ይበቃዋል። ካሜራ ግድ ከሆነ ግን የጽዋ ማኅበር አባላት ተዋጥተው አንዱን ቢገዙና አንድ ታማኝ ሰው ቢጠብቀው፣ ለሁሉም ቤት ይደርሳል። የተቀረጸውም በሁለት ቅጂ በሁለት ቤት ይቀመጥ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

የአያት ምርቃት ግን ካሜራ እስኪገዛ አይጠብቅም። ዛሬ ማታ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ድምፅዋን ቅረጹ፤ ከዚያም ቀርባችሁ ጕልበቷን ሳሙ። ቸር ያቈየን፤ አሜን።