ያልተገዛች አገር፣ የተገዛ ዩኒቨርሲቲ



ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን ሲያቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ልጁ የገበሬ ልጅ ነው፤ ጥናቱም በተወለደበት ወረዳ ስላለው አፈር ነው። መረሬው በክረምት ውኃ እንዴት እንደሚያቁር፣ ቦዳው ለየትኛው እህል እንደሚስማማ ከሽማግሌዎች አፍ እየሰማ ወራት ሙሉ ሲመዘግብ ከርሟል። ያ ሁሉ ዕውቀት ግን በእንግሊዝኛ መውጣት ነበረበትና አልወጣም። ስላይዱን አነበበ፣ ጥያቄ ሲመጣበት ላቡ ተንቆረቆረ፣ ዝም አለ። በመጨረሻ አንድ ባልደረባዬ ትዕግሥቱ አልቆ «እስኪ በአማርኛ ንገረን» አለው። በዚያች ቅጽበት ሌላ ሰው ፊታችን ቆመ። ግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ እኛ ዶክተሮቹም የማናውቀውን አስተማረን። በውጤት ቅጹ ላይ ግን «የአቀራረብ ድክመት ይታይበታል» የሚል ሰፈረ። ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ።

ትምህርትን ከቅኝ ግዛት መንፈስ ስለ ማላቀቅ ሲነሣ እኛ ኢትዮጵያውያን ወንበራችንን ወደ ኋላ ሳብ እናደርጋለን። እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ በናይሮቢ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ይቅር ብለው ሲሟገቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የኬፕ ታውን ተማሪዎች የሴሲል ሮድስን ሐውልት ከግቢያቸው ሲያስነሡ፣ ነገሩ የተገዙት ጉዳይ ነው አልን። እኛ ዓድዋ አለን። ለመሆኑ በዓድዋ በር የተመለሰው በየትኛው በር ገባ?

በራሳችን ግብዣ ነው የገባው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲመሩ የተጠሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ። የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ያቋቋሙልን የኦክላሆማ ሰዎች ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡም፣ በግቢው የሚሰማው የመማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። በዚያ ዘመን ሰዎች አልፈርድም፤ ፋሺስት የተማረውን ትውልድ ፈጅቶት ነበርና መምህር ከየት ይምጣ? የምፈርደው በእኛ ላይ ነው። ከሰባ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከአርባ በልጠዋል፤ ጊዜያዊ የነበረው ብልሃት ግን ሃይማኖት ሆኗል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ አጸናው። ሌላው አፍሪካዊ ቢያንስ ማን እንደጫነበት ያውቃል። እኛ የምንከሰው ሰው የለንም፤ ምናልባት ክሱን የማንጀምረውም ለዚህ ይሆናል።

(በነገራችን ላይ፣ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ ሰብስቦ ለዓለም ያቀረበው ክላውድ ሰምነርም ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበር። ውለታው ትልቅ ነው። እኛ ግን የራሳችንን ሊቃውንት በእንግሊዝኛ ትርጉም ካላነበብናቸው ፈላስፎች አይመስሉንም።)

የሚያስከትለውን ጥፋት ለማየት ሆስፒታል ይሂዱ። ታማሚዋ አማርኛ ትናገራለች፤ ሐኪሙም፣ ከኋላው የተሰለፉት ተማሪዎችም አማርኛ ይናገራሉ። በአልጋዋ ዙሪያ ቆመው ስለ ገዛ አካሏ የሚመክሩት ግን እርሷ በማትሰማው ቋንቋ ነው። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ዕውቀቱ በዚያ ቋንቋ ብቻ ስለ ተሰጣቸው ነው። የዚያ ልጅ ጥናትም ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የመረሬውን ጠባይ የነገሩት ሽማግሌዎች አንድ መስመር አያነቡትም። የተጠናው ሕዝብ «እንዲህ አላልኩም» ብሎ ሊከራከረው የማይችል ጥናት እንዴት ይታረማል?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በቋንቋ አላሳብብም፤ ጦርነቱም፣ የመምህሩ ኑሮም፣ ለዓመታት የኖረው ኩረጃም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የሒሳብ ጥያቄ የወደቀው ልጅ ሒሳቡን ነው ወይስ ዓረፍተ ነገሩን የሳተው? የሚለይልን መሣሪያ የለንም።

«የትኛው ቋንቋ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። አማርኛ ብቻ ይሁን የምል ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የቦረናው ጥናት በአፋን ኦሮሞ፣ የራያው በትግርኛም በአማርኛም ሊቀርብ ይችላል። እንግሊዝኛም አይባረር፤ ይልቁንም እንደ ቋንቋ በደንብ ይሰጥ። የቅኔ ቤታችንን ተመልከቱ። ተማሪው ቅኔ የሚቆጥረው በግእዝ ነው፤ ግእዝ ደግሞ የእናቱ ቋንቋ አይደለም። ግን መምህሩ ምሥጢሩን የሚያወርድለት፣ አንድምታውም የሚተረጎመው በአማርኛ ስለሆነ ባዕዱን ቋንቋ ገዛው እንጂ አልተገዛለትም። የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነበር፤ የራሱን አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። ያ ቤት ለሴቶች ጠባብ፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ላለውም ዝግ እንደነበረ አልዘነጋም። የእኛ ተማሪ ግን በአራት ዓመት ውስጥ የራሴ የሚለውን አንድ ገጽ ሳይጽፍ፣ የመምህሩን ማስታወሻ ሸምድዶ ይመረቃል።

«ቃላቱ የሉንም» የሚሉም አሉ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶልን አቧራ እየጠጣ ነው። ቃል የሚወለደው ሲሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የሃይፋው ቴክኒዮን በጀርመንኛ እንዲያስተምር ሲወሰን፣ ዕብራይስጥ የሳይንስ ቃል የለውም ተብሎ ነበር፤ መምህራንና ተማሪዎች አመጹ፣ ትምህርቱም ኋላ ሲጀመር በዕብራይስጥ ተጀመረ። እኛ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ስለማይቆጥርልን በአማርኛ አንጽፍም። ይህን የምለው የራሴን ዝርዝር አይቼ ነው፤ የታተሙት ጽሑፎቼ ከሁለቱ በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው።

ለትምህርት ክፍላችን ጉባኤ አንድ ትንሽ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። በሕዝብ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ጥናት በተጠናው ሕዝብ ቋንቋ ዐሥር ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው፣ አንድ ቅጂም ለወረዳው ይድረስ፤ ተማሪውም ከፈለገ በዚያው ቋንቋ ይከላከል። «መመሪያው አይፈቅድም» ተባልኩ። የሚከለክለውን አንቀጽ በጽሑፍ እንዲያሳዩኝ ከጠየቅሁ ሁለት ወር አለፈኝ፤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።